ከውጤት በኋላ ሳይሆን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ፦ ችግረኛ ተማሪዎችን ለዩኒቨርሲቲ የማዘጋጀት ኃላፊነትና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ድርሻ

መንደርደሪያ

ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጥናቴ መረጃ ለመሰብሰብ ወደ አንድ የወረዳ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሄድሁበት ዕለት፣ ርእሰ መምህሩ የትብብር ደብዳቤዬን አንብበውና መጠይቁን ገለጥ ገለጥ አድርገው ከተመለከቱ በኋላ፣ «አምና የመጣው ልጅም ይህን የመሰለ ወረቀት አስሞልቶን ሄዷል፤ ካቻምናም እንዲሁ። ለመሆኑ ምን አገኛችሁ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ትምህርት ቤቱ በዚያ ዓመት ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ካስቀመጣቸው ተማሪዎች መካከል ሃምሳ በመቶ ያመጣ አንድም አልነበረም። እኔም «ጥናቱ ሲጠናቀቅ ግልባጩን እናስገባለን» ብዬ መለስሁ። መልሱ ከደንብ አንጻር ትክክል ነበር፤ ለተማሪዎቹ ግን የሚፈይደው ነገር እንደሌለ እሳቸውም እኔም እናውቅ ነበር።

ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ ጥያቄ ነው። መከራከሪያው ባጭሩ የሚከተለው ነው። ከአነስተኛ ገቢ ቤተሰብና ከገጠር ትምህርት ቤቶች የሚመጡ ተማሪዎችን ለከፍተኛ ትምህርት ለማብቃት የምናደርገው ድጋፍ በአብዛኛው የሚደርሰው ፈተናው ካለፈ በኋላ፣ ቢበዛም በመጨረሻዎቹ ወራት ነው። ድጋፉ ሊጀመር የሚገባው በዘጠነኛ ክፍል ነው፤ ትኩረቱም ጥያቄ ማስጠናት ሳይሆን የመማሪያ መጽሐፉን አንብቦ የመረዳት ችሎታን ማሳደግ መሆን ይኖርበታል። ይህንን ሥራ ለመጀመር ደግሞ ከማንም ቀድመው ሊጠየቁ የሚገባቸው፣ ከእነዚሁ ትምህርት ቤቶች መረጃ እየሰበሰቡ የሚመረቁ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ናቸው።

ቁጥሮቹ የሚናገሩትና የማይናገሩት

ብሔራዊ ፈተናው ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ተማሪዎችን ወደ ዩኒቨርሲቲዎች በማስገባት መሰጠት ሲጀምር የመጀመሪያው ውጤት ብዙዎችን አስደንግጧል። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተፈታኞች መካከል ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያስመዘገቡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። መሻሻሉ እውነተኛ ነው፤ ያለፉት ተማሪዎች ቁጥር ከ30 ሺህ ገደማ ወደ 49 ሺህ ገደማ አድጓልና። ይሁን እንጂ በዚሁ ጊዜ ውስጥ የተፈታኞች ቁጥር ከ600 ሺህ በታች መውረዱን ሳይጠቅሱ ምጣኔውን ብቻ ማንሳት የተሟላ ሥዕል አይሰጥም።

ከምጣኔው ይልቅ ለዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሚጠቅመው ሌላ ቁጥር ነው። በ2014 ዓ.ም. 1,161፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በቀጣዮቹ ሁለት ዓመታትም ቁጥሩ ከ1,200 በታች አልወረደም። አንድ ተማሪ ሲወድቅ ስንፍናን ወይም ሕመምን በምክንያትነት ማቅረብ ይቻላል። አንድ ትምህርት ቤት በሙሉ፣ ጎበዙም ሰነፉም፣ ከአንደኛ የሚወጣውም ሆነ መጨረሻ የሚቀመጠው በአንድነት ሲወድቅ ግን ምክንያቱን በተማሪው ባሕርይ ውስጥ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። እነዚህ ተማሪዎች በየክፍላቸው የደረጃ ተማሪዎች ነበሩ፤ የምስክር ወረቀታቸው ላይ የተጻፈው ነጥብም ጥሩ ነበር። በትምህርት ቤቱ ነጥብና በብሔራዊው ነጥብ መካከል ያለው ርቀት ለተማሪውና ለቤተሰቡ የሚገለጠው ውጤት በሚለቀቅበት ዕለት መሆኑ ነው አሳዛኙ ነገር።

ችግረኛ ተማሪ ማን ነው?

በጥናቶቻችን ውስጥ «የቤተሰብ የገቢ ሁኔታ» በሚል አንድ መስመር የምናልፈውን ነገር ጥቂት መዘርዘር ተገቢ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የተከታተለው እንደ ብዙ የገጠር ልጆች ከወረዳ ከተማ ሦስት ሆኖ አንድ ክፍል በመከራየት ነው። ቅዳሜ ወደ ቤት ሄዶ እሑድ ማታ የሳምንቱን ስንቅ ተሸክሞ መመለስ የትምህርቱ አካል ነበር። ሐሙስና ዓርብ የሚበላው ድርቆሽ ነው፤ በአጨዳና በውቂያ ወራት ደግሞ ሰኞና ማክሰኞ ከክፍል መቅረት የተለመደ ነው። ሴት ተማሪዎች ከዚህ በተጨማሪ ውኃ መቅዳቱና ማብሰሉ፣ በኪራይ ቤት ብቻቸውን የማደር ስጋቱ፣ ከቤተሰብም የሚመጣው የጋብቻ ጥያቄ ይጠብቃቸዋል።

ትምህርት ቤት ሲደርሱም የሚያገኙት ድጋፍ ስስ ነው። ቤተ ሙከራው ቁልፍ ነው፤ ቁልፉ ያለበት ቦታ የሚያውቅ ሰው ቢገኝም ውስጡ ኬሚካል የለውም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሥራ ላይ ሲውል የመማሪያ መጻሕፍት በብዙ ቦታ ዘግይተው በመድረሳቸው ተማሪዎች ከስልክ ላይ እንዲያነቡ ተገደዋል፤ ስልክ የሌለው ተማሪ ደግሞ የጓደኛውን ማስታወሻ ይገለብጣል። በጦርነትና በግጭት ምክንያት ትምህርት በተቋረጠባቸው አካባቢዎች የሚገኙት ተማሪዎች ጉዳይ ከዚህም የከፋ ነው። እነርሱ ያጡት መጽሐፍና ቤተ ሙከራ ብቻ ሳይሆን የትምህርት ዓመታትን ጭምር ነው። በ2016 ዓ.ም. ፈተናውን በከፊል በኮምፒውተር መስጠት ሲጀመር ደግሞ ሌላ ልዩነት ተጨምሯል። መዳፊት ይዞ የማያውቅ ተማሪ ከፊዚክስ ጥያቄው አስቀድሞ ከማሽኑ ጋር መታገል ይኖርበታል።

የተሰወረው እንቅፋት፦ የመማሪያ ቋንቋ

ከእነዚህ ሁሉ ችግሮች መካከል በገንዘብ እጥረት ብቻ ሊሳበብ የማይችል፣ ነገር ግን ሌሎቹን ሁሉ የሚያባብስ አንድ ጉዳይ አለ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ የሁለተኛ ደረጃ ደግሞ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ደንግጓል። ክልሎች ሽግግሩን የሚያደርጉበት ክፍል የተለያየ ቢሆንም ዘጠነኛ ክፍል ሲደረስ ሁሉም በእንግሊዝኛ ይማራል። በከተማ የግል ትምህርት ቤት ያደገ ልጅ ይህንን ሽግግር የሚያደርገው ገና ሕፃን ሳለ ነው። የገጠሩ ልጅ ግን ከስምንተኛ ወደ ዘጠነኛ ክፍል ባለው አንድ ክረምት ውስጥ ባዮሎጂን፣ ኬሚስትሪንና ጂኦግራፊን በማያነብበት ቋንቋ መማር ይጀምራል። መምህሩም ይህንን ስለሚያውቅ በአካባቢው ቋንቋ ያስረዳል፤ ማስታወሻውን በእንግሊዝኛ ያጽፋል። ተማሪው ትምህርቱን በጆሮው ይረዳዋል፤ ማስታወሻውን በቃሉ ይሸመድደዋል። ሁለቱ በአእምሮው ውስጥ ሳይገናኙ አራት ዓመት ያልፋል።

ባለፈው ዓመት በአንድ ዩኒቨርሲቲ በአቅም ማሻሻያ ትምህርት፣ በተለምዶ «ሬሜዲያል» በሚባለው መርሐ ግብር፣ ሒሳብ የማገዝ ዕድል አግኝቼ ነበር። አንድ ተማሪ የአለመተካከል ጥያቄዎችን ተራ በተራ ይስታል። ስሌቱን ስመለከት ከመጀመሪያው መስመር በቀር ስሕተት የለበትም። ስጠይቀው፣ «አት ሊስት» የሚለውን ሐረግ «ትንሹ» ብሎ ተረድቶት ስለነበር ምልክቱን በተቃራኒው ያስቀምጥ ነበር። «ቢያንስ ሦስት ማለት ሦስትና ከዚያ በላይ ማለት ነው፤ ‹አት ሞስት› ደግሞ ቢበዛ ማለት ነው» ብዬ ስነግረው የቀሩትን ጥያቄዎች ያለ ረዳት ጨረሳቸው። ያ ተማሪ በብሔራዊ ፈተናው በሒሳብ የወደቀ ተብሎ ተመዝግቧል። የወደቀበትን እውነተኛ ምክንያት የሚያሳይ ግን በውጤት መግለጫው ላይ ቦታ የለውም።

የአንድ ተማሪ ገጠመኝ የጥናት ግኝት አይሆንም። ሆኖም ጥያቄን ያስነሳል። በውጤት ትንተናችን ውስጥ «ዝቅተኛ የሒሳብ ችሎታ» ብለን የምንመዘግበው ጉድለት ምን ያህሉ የሒሳብ፣ ምን ያህሉ የንባብ ነው? ይህንን ለይቶ የማያውቅ ድጋፍ መድኃኒቱን ከበሽታው ጋር ሊያገናኝ አይችልም።

ያሉት ድጋፎች እስከ የት ይደርሳሉ?

የሬሜዲያል መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር ከ100 ሺህ በላይ ተማሪዎችን ተቀብሏል። ሃምሳ በመቶ ያላመጡ ነገር ግን የተሻለ ነጥብ ያላቸው ተማሪዎች አንድ መንፈቀ ዓመት ያህል ተምረው፣ ከመቶ 30ው በዩኒቨርሲቲው፣ 70ው ደግሞ በማዕከል በሚዘጋጅ ፈተና ተመዝነው ወደ አንደኛ ዓመት ይገባሉ። መርሐ ግብሩን የሚያጣጥሉ አሉ፤ እኔ ከእነርሱ ወገን አይደለሁም። በክፍሉ ውስጥ ያየሁት መኝታ፣ ምግብ፣ መብራት፣ ቤተ መጻሕፍትና በሰዓቱ የሚገባ መምህር ያገኘ ተማሪ በጥቂት ወራት ምን ያህል ሊለወጥ እንደሚችል ነው። ይህ ራሱ ተማሪዎቹ ችሎታ እንዳልጎደላቸው የሚያመለክት ነው።

ነገር ግን መርሐ ግብሩ ሁለት መሠረታዊ ገደቦች አሉበት። አንደኛ፣ የአራት ዓመት ክፍተት በአራት ወር እንዲሞላ ይጠብቃል። ሁለተኛ፣ የሚደርሰው ከመቁረጫ ነጥቡ በላይ ላሉት ነው። ከዚያ በታች የቀሩት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች ድጋፉ የሚያስፈልጋቸው ሆነው ሳለ ድጋፉ የማይመለከታቸው ናቸው። የምንሠራው ሥራ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዲሉ ሆኗል።

በየዩኒቨርሲቲው ያሉት የስቴም ማዕከላትና በክልሎች የተከፈቱት ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶችም ጥሩ ውጤት እያሳዩ ነው። ዳሩ ግን የሚቀበሉት አስቀድሞ በውጤቱ የተመረጠውን ተማሪ ነው። ጎበዙ ወደ አዳሪ ትምህርት ቤት ሲሄድ የተነሣበት ትምህርት ቤት ባለበት ይቀራል፤ እንዲያውም አርአያ የሚሆነውን ተማሪ ያጣል። በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠው የማጠናከሪያ ትምህርት ደግሞ በአብዛኛው በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሁለተኛ መንፈቀ ዓመት የሚጀመርና ያለፉ ዓመታት ጥያቄዎችን በመሥራት ላይ የተመሠረተ ነው። ጥያቄውን ማንበብ ለማይችል ተማሪ የጥያቄ ብዛት አይጠቅመውም።

ከራሳችን ታሪክ የምናገኘው

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሄዶ ያስተምር ማለት ለኢትዮጵያ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ያስገድድ ነበር። አብዛኞቹ የተመደቡት በመምህርነት ነው። አገልግሎቱ የተማሪው በጎ ፈቃድ ሳይሆን የዲግሪው ቅድመ ሁኔታ ነበር። ያ ትውልድ አገሩን ያወቀው በዚህ መንገድ እንደሆነ ብዙዎቹ በትዝታዎቻቸው መስክረዋል፤ የገጠሩም ተማሪ ዩኒቨርሲቲ የሚባለውን ነገር በመጀመሪያ ያየው በእነርሱ አማካይነት ነው።

ያንን አሠራር እንዳለ መገልበጥ አይቻልም። ያኔ ዩኒቨርሲቲው አንድ፣ ተማሪዎቹም ጥቂት ነበሩ። ዛሬ ግን በአንድ በኩል ሁኔታው ይበልጥ ምቹ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ሆነው በየክልሉ ተሠራጭተዋል፤ ማስተማር፣ ምርምርና የማኅበረሰብ አገልግሎት የሚሉ ሦስት ተልእኮዎችም ተሰጥቷቸዋል። ከሦስቱ በጣም የሳሳው ሦስተኛው እንደሆነ በግቢው ውስጥ የኖረ ሁሉ ያውቃል።

ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ፣ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በአካባቢው ካሉት፣ አንድም ተማሪ ካላሳለፉት ትምህርት ቤቶች መካከል ጥቂቶችን መርጦ በቋሚነት ይያዝ። ምርጫው ለመኪና በሚቀርበው ሳይሆን በውጤቱ ዝቅተኛነት ይሁን። ድጋፉም ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አራት ዓመት ይዝለቅ።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ይዘቱ ግልጽ ይሁን። በዘጠነኛ ክፍል የትምህርት ዓይነቶቹን መጻሕፍት በእንግሊዝኛ ማንበብና የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል የሒሳብ መሠረቶችን መከለስ፣ በአሥረኛ ክፍል በራስ አንብቦ ማስታወሻ መያዝ፣ በአሥራ አንደኛና በአሥራ ሁለተኛ ክፍል የፈተና ልምምድ፣ የኮምፒውተር አጠቃቀምና የትምህርት መስክ ምርጫ። ወላጆቹ ፊደል ያልቆጠሩ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ምን እንደሆነ፣ በየትምህርት መስኩ ምን እንደሚማር፣ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ምን ይዞ መሄድ እንዳለበት የሚነግረው ሰው የለውም። ይህ ትንሽ የሚመስል መረጃ የተማሪን ሕይወት ይወስናል።

በሦስተኛ ደረጃ፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ተሳትፎ በትምህርት መርሐ ግብሩ ውስጥ ይካተት። አንድ መንፈቀ ዓመት በሳምንት አንድ ቀን ያገለገለ ተማሪ ክሬዲት ያግኝ፤ የትራንስፖርትና የምሳ ወጪው ይሸፈንለት። በበጎ ፈቃድ ብቻ የተጀመሩ የማጠናከሪያ ትምህርቶች በፎቶግራፍ ተጀምረው በሁለተኛው ወር ሲቋረጡ አይተናል። በየትምህርት ቤቱ ያሉት መምህራንም ተመልካች ሳይሆኑ የሥራው ባለቤቶች ሊሆኑ ይገባል። እኛ ተመርቀን እንሄዳለን፤ እነርሱ ይቀራሉና።

በአራተኛ ደረጃ፣ ሥራው ይለካ። ትምህርት ቤቶቹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሊያዙ ስለማይችሉ፣ ከተመረጡት መካከል ቀድመው የሚጀምሩትን በዕጣ መለየትና ዘግይተው ከሚጀምሩት ጋር ማነጻጸር ይቻላል። በመነሻው የንባብና የሒሳብ ምዘና ይሰጥ፤ በየዓመቱም ይደገም። የሒሳብ ጥያቄዎችን በእንግሊዝኛና በአፍ መፍቻ ቋንቋ ለየብቻ በማቅረብ ብቻ ከላይ ያነሣሁትን ጥያቄ መመለስ ይቻላል። ለአሥር የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቶች የሚበቃ ርእስ እዚህ ውስጥ አለ።

ሊነሱ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሁሉ የማስተማር ሥልጠና የለውም የሚል ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። እውነት ነው፤ ስለሆነም አጭር ሥልጠናና የመምህራን ክትትል ያስፈልጋል። ከሚፈለገው ሥራ አብዛኛው ግን አብሮ ማንበብ፣ ማረምና ማስረዳት ነው። የጸጥታ ችግር ባለባቸው አካባቢዎች ይህ አይሠራም የሚለውም ትክክል ነው። በሚቻልባቸው ቦታዎች መጀመር ግን በማይቻልባቸው ምክንያት መቆም የለበትም።

ከሁሉም የሚከብደው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው። የትምህርት ቤቶቹ ችግር የመምህራን ደመወዝና የግብዓት እጥረት ሆኖ ሳለ፣ በሳምንት አንድ ቀን የሚመጣ ተማሪ ምን ይለውጣል? ደግሞስ መንግሥት ሊሠራው የሚገባውን ሥራ በርካሽ ጉልበት መሸፈን አይሆንም? ይህ ሥጋት ተገቢ ነው። የኑሮ ውድነት ያዛለው መምህር በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት የእኛ እገዛ ሙሉ መፍትሔ ሊሆን አይችልም፤ እንደ መፍትሔ ቆጥረን የመምህሩን ጥያቄ ብንሸፋፍንም በደል ነው። ሆኖም የደመወዝ ጥያቄው እስኪመለስ ድረስ ዘጠነኛ ክፍል የገባው ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ቆሞ አይጠብቅም።

ማጠቃለያ

በዚህ በ2018 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል የገቡ ተማሪዎች ብሔራዊ ፈተናውን የሚወስዱት በ2021 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ ያለው ጊዜ ለሬሜዲያል ከተመደበው መንፈቀ ዓመት ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ይህንን ጊዜ መጠቀም ወይም የ2021ን ውጤት ጠብቀን እንደገና መደንገጥ በእጃችን ያለ ምርጫ ነው።

ለትምህርት ክፍሎችና ለድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤቶች የማቀርበው ጥያቄ ውስን ነው። በመጪው መንፈቀ ዓመት አንድ ትምህርት ክፍል፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ የዘጠነኛ ክፍል ምድብ ይዞ ይጀምር። ለጓዶቼ የማቀርበው ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። መጠይቅ ይዘን በምንሄድበት ትምህርት ቤት መረጃውን ከሰበሰብን በኋላ ቢያንስ ጥቂት ቅዳሜዎችን እንቆይ። እኔ መጠይቄን ወዳስሞላሁበት ትምህርት ቤት ለመመለስ ከርእሰ መምህሩ ጋር ተነጋግሬያለሁ። እሳቸውም፣ «ወረቀት ካልያዝህ ና» ብለውኛል።